ከልምምድ በፊት የቀረበ ጥብስ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን 2018፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የቡድን ጉዞ ማሰናዳት ከጀመርኩ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ ለሁለት ቀን ልምምድና ግጥሚያ መጡ። ጌሊክ ፉትቦል የሚባለውን የአይሪሾች ኳስ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ የሚጫወቱ ሴቶች ናቸው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ሆቴል፣ ባሱ፣ ሜዳው፣ ሁሉንም ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ነገር አልተዛነፈም።

ያጠፋሁት ምሳ ላይ ነው። «በቃን» ሲሉኝ ይሉኝታ መስሎኝ ጥብሱን ሰሃናቸው ላይ ጨመርኩ። እነሱም እንዳይከፋኝ ብለው በሉ። ከዚያ ሜዳ ገብተው መሮጥ አቃታቸውና ሳሩ ላይ ተዘረሩ።

በቃ፣ ዳግም አይመጡም ብዬ ነበር። ካፒቴኗ ግን እየሳቀች፣ «ለመስከረምም ቡክ አድርጊልን፤ ጥብሱ ብቻ ከልምምድ በኋላ ይሁን» አለችኝ። ድሮም ይህን ሥራ እንደምችለው አውቅ ነበር።

ነገ ጠዋት ግጥሚያ አላቸው። ቁርስ ላይ «ጨምሩ» እንዳልል አፌን እይዛለሁ። እጄን ግን እንጃ።