የአባቴ አራት ጠመንጃዎች

ሰኔ 5

ሙቀቱ አናት ይበሳል። መዳምን ወደ እህቷ፣ ልጆቿን ወደ ዋና፣ አሠሪዬን ባባ ሱልጣንን ወደ ቢሮ። ከሰዓት ደግሞ ሁሉንም መልሶ መልቀም። ሪያድ ላይ የሰው ቤት ሹፌር ሥራው ይኸው ነው። ከሱለይማኒያ ሰፈሬ መላዝ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ሪሃና ሩዝ በድንች ሠርታ ጠበቀችኝ። አህመዲንና ናዲራ ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው ሥር ቀዝቀዝ ብሏቸው ካርቱን ያያሉ። እሱ ስድስት፣ እሷ አራት። መቼ ደረሱ?

ለመስከረም ሦስቱም አገር ይገባሉ። ተነጋግረን ጨርሰናል። አህመዲን ትምህርት ቤት መግባት አለበት፤ እዚህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ልጅ ማን በር ይከፍታል? የመውጫ ወረቀታቸውን ባባ ሱልጣን እጨርሳለሁ ብሏል። እኔ እቀራለሁ። ካልሠራሁ ምን ይበላሉ... መርሳ፣ አባቴ ቤት፣ እናቴ ጋ ይቀመጣሉ። እናቴ እነዚህን የልጅ ልጆቿን በስልክ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። የሚተኙበትን መደብ ከአሁኑ ለቅልቃ ጨርሳለች።

ሻይ ስጠጣ ሪሃና እንደ ቀላል ነገር ጠየቀችኝ። ጠመንጃዎቹስ?

የትኞቹ ጠመንጃዎች አልኩ። እንዳላወቀ ሰው።

ሰኔ 6

ጁምዓ። መስጊድ ቆሜ ልቤ መርሳ ግድግዳው ላይ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ከመደቡ በላይ አራት ኩላብ፣ አራት ጠመንጃ። አባቴ ገበሬ ቢባልም ነፍሱ አዳኝ ነበር። ረጅሟ ምንሽር ለድኩላ። ሁለት አፏ ለጅግራና ለቆቅ። ጓንዴዋ፣ አፈሙዟ የተቆረጠው፣ ማሽላ ለሚፈጀው ከርከሮ። ውጅግራዋ የአያቴ ናት። ጥይቷ ከአገር ከጠፋ ስንት ዘመኑ... አትተኩስም፣ ግን እንደ ሽማግሌ ትከበራለች።

አደን የሚወጣው ከጋሼ እሸቱ ጋር ነበር። ጋሼ እሸቱ ክርስቲያን፣ አባቴ እስላም። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ቢላዋ በተራ። ዛሬ በአባቴ ቢላዋ ከታረደ ሥጋው የኛ ነው፣ በሚቀጥለው የጋሼ እሸቱ። ማን መታው ተብሎ አይጠየቅም፣ ተራው የማን ነው ነው የሚባለው። አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ይሄን ለአህመዲን ስነግረው እንዴት ደስ እንደሚለው...

አህመዲን የተወለደ ቀን ወንድሜ ሰማው ምንሽሯን አውጥቶ ተኮሰ። ስልኩን ወደ ላይ ይዞልኝ፣ እኔ እዚህ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። "ይቺ የሱ ናት" አለኝ። አለቀስኩ። ናዲራ ስትወለድ አልተተኮሰም። ሪሃና ይሄን አልረሳችም።

ሰኔ 9

ሰማው ጋ ደወልኩ። በዘዴ ልግባበት ብዬ... ሁለቱን ብናስወግድ፣ ሁለቱን ብናስቀር... አላስጨረሰኝም። የአባትህን ግድግዳ ልታራቁት ነው ወይ አለ።

"እዚህ እኮ ሪያድ አይደለም። ጅብ አለ። ከርከሮ አለ። ሰው አለ።"

ሰው አለ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገው። በጦርነቱ ጊዜ እናቴን ይዞ ጫካ ያደረው እሱ ነው። እኔ እዚህ መሪ ይዤ ነበር። እውነቱን ነው።

ሪሃናም ለልጆቹ ፈርታ ነው፣ እውነቷን ነው። ወላሂ ራሴን አመመኝ።

ሰኔ 10

ቀይ መብራት ላይ ሆኜ እንኳ እቆጥራለሁ። አራት። ሁለት። ሦስት ቢሆንስ? አረንጓዴ በርቶ ከኋላዬ ሪያድ በሙሉ ጡሩምባ ይነፋል። መዳም በስሜ ጠርታ፣ "ያ ሞላ፣ ተኛህ እንዴ?" አለችኝ።

ሰኔ 16

አዳነች አወጣጣችኝ። ባባ ሱልጣን ቤት ምግብ የምትሠራው፣ የጎንደሯ። ፊትህ ምነው ጠቆረ ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት። ሽንኩርቷን እየላጠች ሳቀች። ሪያድ ተቀምጠህ መርሳ ላይ ጦር ታሰልፋለህ? አለችኝ። ከዚያ ኮስተር ብላ፦

"ወንድሜ፣ ሚስትህን በግድግዳ ልትለውጣት ነው?"

እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ሳቁ የለም።

ሰኔ 23

ተጣላን።

ሳጥን አሠርቼ እቆልፍባቸዋለሁ አልኳት። ቁልፉን ማን ይይዛል? እናቴ። እናትህ የቤቱን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጠው አለችኝ። ከበሩ ጉበን ላይ... መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

ከዚያ ተናደድኩና የማይባለው ተባለ። እኛ ሁለት ወንድማማቾች እዚያ ግድግዳ ሥር ነው ያደግነው፣ ማናችን ሞትን? አንቺ የደሴ ልጅ፣ ከሱቅ ዳቦ ገዝተሽ ያደግሽ፣ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቂያለሽ? ምን ነካኝ? ዳቦው ምን አደረገኝ?

እሷ አልጮኸችም። የልጆቹን ልብስ እያጠፈች ተናገረች። እነሱ ካልወረዱ ደሴ እናቴ ጋ ነው የምገባው፣ ልጆቹም ከኔ ጋር ናቸው፣ ኸላስ።

እናቴ ያንን መደብ ለማን ለቀለቀችው?

ሐምሌ 1

የአባቴን ፈተና ለሪሃና ነገርኳት። ልጅ ዕድሜው ሲደርስ አባቴ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ መደቡ ላይ ያጋድመዋል። እንዳትነካ ብሎ ይወጣል። በር ጀርባ ቆሞ ያያል። የነካ ይገረፋል፣ ያልነካ አደን አብሮ ይወጣል። ሁለታችንም አልነካንም። ዋናው ማስተማር ነው አልኳት።

ሲኒዬን አንስታ ልታጥብ ሄደች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 4

ጁምዓ። ንድድ ብያለሁ፣ በራሴ ነው የተናደድኩት። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባባ ሱልጣን ሳክቶኑን፣ መዝረዓው፣ እርሻው ላይ ወፍ የሚመታበትን የአየር ጠመንጃ፣ ጥገና ቤት ውሰድልኝ ብሎኝ ነበር። ሱቁ ዝግ ነው። በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ እንዴት ልተወው? በአንሶላ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁት። ሪሃና ሥራ ላይ ናት። ልጆቹን ከጎረቤታችን ከሩታ ወሰድኳቸው። በዚያው ሐሳቡ መጣልኝ። ለምን አልፈትናቸውም?

ደጋግሜ አየሁት፣ ባዶ ነው። ፍራሹ ላይ አጋደምኩት። እንዳትነኩ፣ አሁን መጣሁ አልኳቸው። የወጣሁ መስዬ በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁና ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ገባሁ።

አህመዲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ንቅንቅ አላለም። እህቱ ጠጋ ስትል በክንዷ ጎትቶ መለሳት። እኔ መጋረጃ ጀርባ እንባዬ መጣ። የአባቴ የልጅ ልጅ! ወጥቼ አቀፍኳቸው፣ ሳምኳቸው፣ ባቃላው፣ ሱቁ ጋ ወርጄ አይስክሬም ገዛሁላቸው።

ሪሃና ስትመጣ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አላስቻለኝም። ሁሉንም ተረኩላት። አየሽ? አልኩ። ደረቴን ነፍቼ። ናዲራ የአይስክሬሙን እንጨት እየላሰች፦

"አባዬ፣ እግርህ ይታይ ነበር።"

ምን?

"በመጋረጃው ሥር። አህመዲን፣ አባዬ ሲሄድ ጠመንጃውን እንይዘዋለን አለኝ።"

አህመዲንን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ምን አጠፋ? ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው።

ይቆጣል ብዬ የጠበቅሁት የሪሃና ፊት አዘነ። እሱ ባሰብኝ።

"እዚያ ቤት መጋረጃ ጀርባ ማን ሊቆም ነው?" አለችኝ።

ሐምሌ 5

ሳክቶኑን በጠዋት ከቤት አወጣሁት። ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ።

ሐምሌ 7

ስነዳ ትዝ አለኝ። የኔ የፈተና ቀን። አባቴ ሳል ነበረበት። በር ጀርባ ቆሞ አፉን በጋቢው አፍኖ ሲስል ይሰማኝ ነበር። እህ... እህ... ታዲያ እኔስ ምኑን አለፍኩት? የፈራሁት ጠመንጃውን አልነበረም፣ ሳሉን ነው።

አባቴ ደግሞ ሁሌ ቤቱ ነበር። ጠዋትም ያ ሳል አለ፣ ማታም አለ። እኔ የት ነኝ? ኪንግ ፋህድ መንገድ ላይ ነኛ፣ የሰው ልጆች ከዋና ላመጣ።

ሐምሌ 14

ለሰማው ነገርኩት። ሁለት አይደለም፣ ሁሉም ከግድግዳው ይውረዱ። ልጆቼ በሚያድሩበት ጣራ ሥር ጠመንጃ አይደር። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ አባትህን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው ብሎ ዘጋብኝ።

ቀኑን ሙሉ መሪውን ስጨብጥ ዋልኩ።

ማታ እናቴ ራሷ ደወለች። ሰምታለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር። ለመሆኑ ከእናንተ መሀል እኔን የጠየቀኝ አለ? አለች። አባትህ ካረፈ ጀምሮ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ በርጩማ ላይ የምንጠራራው እኔ... ሲተኮስ ሰው ይሰማል፣ ሲወለወል ማን ያያል? ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች።

"አብሽር" አለችኝ። "ልጆቹን ላክልኝ።"

ሐምሌ 20

ከሪሃና ጋር ቁጭ ብለን መከርን። ምንሽሯ ለሰማው፣ እሱ ቤት ትሂድ። የሱ ልጆች አድገው ወጥተዋል። ሁለት አፏ ለጋሼ እሸቱ። ግማሽ ዕድሜዋን እሱ ትከሻ ላይ ነው የኖረችው፣ ተራው የሱ ነው። ጓንዴዋን ሰማው ለቀበሌ ያስረክባት። የውጅግራዋን ነገር ግን ለሌላ ቀን አሳደርኩት። ሪሃና አልገፋፋችኝም።

ሐምሌ 22

ጋሼ እሸቱ ጋ ደወልኩ። ጆሮው ደክሟል፣ መጮህ ነበረብኝ። ሲገባው በቀጭን ድምፅ፣ አባትህ በሕይወት ቢኖር በተራ እንይዛት ነበር አለኝ። መኪናውን ዳር አስይዤ ቆየሁ።

ነሐሴ 2

ልቤ ወላወለ። ውጅግራዋን ብቻ እዚያው እንተዋት፣ ብረት ናት፣ አትተኩስም፣ ለስሙ ትሁን አልኳት ሪሃናን። አህመዲን የማትተኩሰውን ከምትተኩሰው በምን ይለያል? አለችኝ። ነገ ጎረቤት ቤት የሚተኩስ ቢያገኝ፣ እንደኛዋ ናት ብሎ...

ልክ ናት። ሁሌ ልክ ስትሆን ደግሞ ያናድዳል።

ውጅግራዋም ወደ ሰማው ትሂድ። ምንሽሯና ውጅግራዋ የኛው ናቸው፣ ግን ልጆቼ ከሚያድሩበት ቤት ውጪ። ጨርሻለሁ። ኸላስ። አሁን ልተኛ።

ነሐሴ 3

አልተኛሁም።

ነሐሴ 11

ስልኩን ከዘጋብኝ ወዲህ ሰማው አንድ ቀን አላነሳልኝም ነበር፤ የትኛዋ የት እንደምትሄድ በእናቴ በኩል ነው የላክሁበት። ዛሬ የድምፅ መልእክት ላከ። ከጀርባው ዝናብ ይሰማል፣ ቆርቆሮ ላይ። "አውርጃቸዋለሁ" ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ደጋግሜ አደመጥኩት። ዝናቡንም።

ነሐሴ 24

ሄዱ።

ኤርፖርት አህመዲን አልቅሶ መግቢያ አሳጣኝ። ናዲራ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ንግሥት ሆናለች። ሪሃና ስትሰናበተኝ ትከሻዬን ይዛ፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ አለችኝ። ከሰኔ ጀምሮ ይቺን ቃል ነበር የምጠብቀው? ይመስለኛል። ልመልስላት ስል ወረፋው ወሰዳት።

ቤት ገባሁ። ሙከይፉ ብቻ ይጮሃል። መጋረጃውን አወረድኩት። ለማን ነው?

መስከረም 3

የእናቴ ድምፅ ተለውጧል። ወፍሯል። ስትስቅ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

መስከረም 20

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅሁ ደወሉ። በቪዲዮ። አህመዲን ትምህርት ጀምሯል፣ ናዲራም መዋእለ ሕፃናት ገብታለች። ስልኩን እየተነጣጠቁ ቤቱን አስጎበኙኝ። እኔን፣ እዚያ የተወለድኩትን!

ግድግዳው ጋ ደረሱ። ጠመንጃዎቹ የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሏል። ጭሱ ያልነካው ረጃጅም ምልክት፣ አራት። ኩላቦቹ እዚያ የሉም። ሪሃና ስልኩን ዝቅ አደረገችልኝ። ሰማው ሁለቱን ነቅሎ ታች፣ የልጆቹ እጅ የሚደርስበት መትቷቸዋል። የትምህርት ቤት ቦርሳ ተሰቅሎባቸዋል። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ። ይሄን ሲመታ ምን እያሰበ ይሆን? አልጠየቅሁትም። ነገ እደውልለታለሁ።

ሪሃናን ልጠይቃት ስል ናዲራ ስልኩን ቀማቻት። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው።

"አባዬ፣ እግርህን አሳየን።"

ለምን አልኩ። እንደ መጋረጃው ጊዜ፣ እግርህ ከታየ እያየኸን ነው አለች። አህመዲን ከኋላዋ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እሱ አልሳቀም።

ስልኩን ወደ ታች አዘነበልኩት። ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቷል። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ የእናቴ ሳቅ ከሁሉ በላይ። አህመዲንም ሳቀ። ቆይ፣ እንዳታነሳው አለኝ።

አላነሳሁትም። ክንዴ እስኪዝል እዚያው ያዝኩላቸው።