የጋሼ ካሳሁን መስኮቶች

ጁላይ 18፣ 2020
ዛሬም መስኮት ስፍቅ ዋልኩ። የስንት ዘመን ቀለም... ተልጦ አያልቅም። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ወጣ ብላ አየችኝና፣ "አዲስ ግዛና ገላግለን" አለች። ቀልዷን ነው፤ ነገሩን ታውቃለች። ቤታችን ታሪካዊ ተብሏል። እንደ ጥንቱ ያደሰ ሰው ለዓመታት የቤቱ ፕሮፐርቲ ታክስ ይቀነስለታል። የድሮው የእንጨት መስኮት ግን የግድ መቆየት አለበት። ሰፈሩ ተወዶ ታክሱ አንቆ ይዞናል። ቅናሹ ካልመጣ ቤቱን መሸጣችን ነው።

ኖቬምበር 9
ኮቪድ ሊወስደኝ ነበር። ከሆስፒታል ወጣሁ። ቤታችን በር ላይ የማኅበራችን ሰዎች ማስክ አድርገው ቆመዋል። እልልታ! የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን ጋሼ ካሳሁን ወደ ላይ እያሳየኝ፣ "ሰርፕራይዝ! መስኮቶቹን ሁሉ ሪፕሌስ አደረግንልህ። ብርድ እንዳይመታህ ብለን ነው።"
ነጭ ፕላስቲክ። ሁሉም።
"የድሮዎቹስ?"
"ቆሻሻ መጣያው ደምፕስተር ውስጥ ጣልናቸው፣ ብስባሽ ሁላ!"
ምን ልበል? ከኪሳቸው አዋጥተው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው... "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። አለቀስኩም። የደስታ መሰላቸው።

ኖቬምበር 10
ፀሐይወርቅ ላይ ጮህኩባት።
"እሱ ይምጣ አልኳቸው" አለች። "ጋሼ ካሳሁን 'አንቺ ዝም በይ' አለኝ። ሰው ለደግ ነገር መጥቶ እንዴት ውጡልኝ ልበል?"
እኔ ብሆንስ እል ነበር? አልልም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ማርች 4፣ 2021
ለታክሱ ቅናሽ ቤቱን የምታየው ኢንስፔክተር መጣች። ቀና ብላ አየች። "አይ አም ሶሪ።" በቃ፣ ቅናሽ የለም።
ፀሐይወርቅን ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ጋሼ ካሳሁን ቢሰማ በጸጸት ይሞታል።
ይሙታ!... አይ፣ ይቅር ይበለኝ።

ኦገስት 21
ቤቱን ሸጥን። ከከተማው ወጣ ብሎ ሂሊያርድ የሚባል ቦታ አፓርትመንት ተከራይተን ገባን። ዕቃውን የተሸከሙልን እነዚያው የማኅበራችን ሰዎች ናቸው። ጋሼ ካሳሁን፣ "ቤቱን ቶሎ ያሸጠልህ መስኮቱ ነው" አለኝ።

ሜይ 15፣ 2022
ጋሼ ካሳሁን ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሰኝ በድሮው ሰፈር አለፈ። አዲሶቹ ባለቤቶች መስኮቶቹን እያስነቀሉ የእንጨት ያስገጥማሉ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። የታክሱ ቅናሽ ለእነሱ ሊሆን ነው።
ጋሼ ካሳሁን መኪናውን አቆመ። ነጩ ፕላስቲክ ሣሩ ላይ ተቆልሏል። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ።
"አየሃቸው? የሰው ልፋት አያውቁም እኮ!"
አሁን ልንገረው?... አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
"አያውቁም፣ ጋሼ" አልኩት።