ገመዱ ከውስጥ በኩል ነው

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በቀር ማንም አያነበውም። ፖስታውን በሙጫ ለጥፌ፣ እሱም ስለማያስተማምን ዙሪያውን በመርፌ እሰፋዋለሁ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ምን እንዳለበት ብትጠይቀኝ "ምስጢር ነው" እላታለሁ። ተምሬያለሁ ማለት ነው።

ያን ቀን ኢንተርኔት ላይ ከለጠፍሽው ፎቶ ሥር ያለችው የአስተያየት መጻፊያ ባዶ ቦታ በቀጥታ ጆሮሽ የምትደርስ መስላኝ ነበር። "ልጄ፣ ያ እጮኛሽ ከተወሽ ወዲህ እንቅልፍ ይወስድሻል? አሁንም ታለቅሻለሽ?" ብዬ ጻፍኩ። የማንም ወሬኛ አለመሆኔ እንዲታወቅ "አባትሽ፣ መጋረጃ ሰፊው" ብዬ ፈረምኩ፤ የሱቁንም ስልክ ጨመርኩበት። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጋረጃ ለማዘዝ ደወሉ። ሦስተኛዋ አንቺ ነበርሽ።

"አባዬ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እኮ አነበበው!"

"ቁርስሽን፣ ጫማሽን፣ አልጋሽን ሳይቀር የምታሳዪው ለማን ነው ታዲያ?"

"የማሳየውን የመረጥኩት እኔ ነኛ! ማልቀሴን ግን የነገርኩት ላንተ ብቻ ነበር።"

እኔ ደግሞ፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ "የሚደበቅ ነገር ካለሽ መጀመሪያ መስኮትሽን ጋርጂ" አልኩሽ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ። ፎቶዎችሽም ጠፉ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየውና አንገቱን ደፋ። "ስልኩስ ጤነኛ ነው፣ አባባ። ልጅዎ ናት የዘጋችብዎት።"

ድሮ ምሳ ስበላ ስልኩን ጨው ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ አንቺን እያየሁ ነበር የምጎርሰው። አሁን እኔና ጨው ዕቃው ተፋጠን እንበላለን። ጨዋታ አያውቅም።

ሠላሳ አራት ዓመት መጋረጃ ሰፍቻለሁ። ገመዱን ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል አንጠለጥላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚከፍተውም የሚዘጋውም የቤቱ ባለቤት ነው ለካ። እኔ ከውጭ ሆኜ ጎተትኩት። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።

አክስትሽ "ና፣ በእኔ ስልክ እያት" ብላኝ ነበር። እጄ እየበላኝ እምቢ አልኳት። ሳትፈቅጂ አላይሽም።

ሳትዘጊብኝ በፊት ባየሁት የመጨረሻ ፎቶሽ ላይ ከኋላሽ ያለው መስኮት ራቁቱን ነው። ወርዱን ያኔውኑ የግድግዳውን ሸክላ ቆጥሬ ደርሼበታለሁ። ቁመቱን ግን ፎቶው ቆርጦታል። መጋረጃው ጠርዙ ሳይታጠፍ ማሽኔ ላይ ተቀምጧል። ከላይ እስከ ታች ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፊ ግድ የለም።

ለማንም አልናገርም።

አባትሽ
(የሱቁን ስልክ እዚህ አልጻፍኩትም።)