በፊልም ላይ የታየችው ጠማማ ጣቴ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አካለ ወልድ፣ የምግብ ንጽሕና ትምህርት በተንቀሳቃሽ ሲኒማ ማስፋፊያ ክፍል ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የጤና ሹም ሲታመም ለአገርም አያምርምና እግዚአብሔር ከራስ ምታት፣ ከሆድ ቁርጠት፣ ይልቁንም ከቅቤ ይመጣል ከተባለው ደዌ ሁሉ ይጠብቅልን። እኔ የቅቤ ነጋዴዋ የብርጓል አድማሴ ከአንዲት እጄ በቀር ደህና ነኝ።

የገና ጾም በተፈታ በአራተኛው ቀን፣ ገበያተኛው ገና ወደ ቅቤ ሲመለስ፣ በእህል መጋዘኑ ግንብ ላይ ነጭ ሸራ ወጥረው ፊልም በነጻ ስላሳዩን እጅግ አመሰግናለሁ። ጾሙ ሳይፈታ ቢያሳዩን ኖሮ ማንም ቅቤ ስለማይገዛ ትምህርቱ ከንቱ ይቀር ነበር፤ ቀን የመምረጥ ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሆኖም ጥቂት ያልገቡኝ ነገሮች ስላሉ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አምና በጥቅምት ጸሐፊዎ አቶ ደርቤ ፊልም አንሺ አስከትሎ መጥቶ የአገራችንን የቅቤ ገበያ ለዓለም እናሳያለን ቢለኝ፣ ሹሩባ ተሠርቼ፣ የጥምቀት ቀሚሴን ለብሼ ቀረብኩ። ሰውየው ግን ፊቴን ትቶ እጄን ብቻ ሲያነሣ ዋለ። ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ስንጥር የሚለውን ያን ቀን ማስታወስ ነበረብኝ። ትንሿ ጣቴን በልጅነቴ የወፍጮ መጅ ስለ ቀጠቀጣት ጠማማ ናት፤ ከደጀን እስከ አማኑኤል ቅቤ የገዛኝ ሁሉ ያውቃታል። ስለዚህ ፊልሙ ስሜን ባይጠራም ገበያው ባንድ አፍ ጠራልኝ።

ሁለተኛ፤ ከእጄ ቀጥሎ በማጉያ መስተዋት ጎልቶ የሚርመሰመስ ትል ታየ፤ ከእሱ ቀጥሎ አንድ ሕፃን በቃሬዛ ሐኪም ቤት ሲገባ ታየ። እኔ አባቴ መሪጌታ አድማሴ ዳዊት ያስደገሙኝ ሴት ስለሆንኩ፣ አንድ መስመር ሲዘለል አውቃለሁ። ከእጄ እስከ ትሉ፣ ከትሉ እስከ ሕፃኑ ያለውን መንገድ ማንም አላሳየንም፤ ትሉ ከየትኛው ቅቤ እንደ ወጣ፣ ሕፃኑም በየት አገር ምን በልቶ እንደ ታመመ አልተነገረንም። ገበያተኛው ግን ሁሉም በዚያው ጧት ከእኔ ቅቤ ውስጥ የተገኘ መስሎት፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ቅቤዬ ከፊቴ እንደ ተቀመጠ አንድም ሳልሸጥ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሦስተኛ፤ በእኛ ገበያ ሳይቀምስ የሚገዛ የለም። ገዢው በጥፍሩ ጫር ያደርጋል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ በተረፈው ጠጉሩን ይቀባል፤ ብዙ ጊዜም ዛሬስ አልተስማማኝም ብሎ ይሄዳል። በአንድ ቅዳሜ ከአርባ የማያንስ ጣት ቅቤዬ ውስጥ ይገባል። ያ ፊልም አንሺ አርባውን ትቶ የእኔን ብቻ ለምን እንዳነሣ ሌት ተቀን አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የአርባውን ጣት ነገር እኔም ያሰብኩት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ፣ ለእያንዳንዱ ቀማሽ የወይራ ስንጥር ጠርቤ አዘጋጅቻለሁ። ይቺ አንዲት ምስጋናዬ ሽሙጥ የለባትም።

አራተኛ፤ ፊልሙ ያለቀው አንድ ቤተሰብ ፈገግ ብሎ የቆርቆሮ ቅቤ ሲከፍት ነው። ሰኞ ጧት ያ ቆርቆሮ በባለቤትዎ ወንድም በአቶ ቢያዝን ሱቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ተገኘ። ፊልሙንና ቆርቆሮውን ከደጀን ያመጣችው መኪና አንዲት መሆኗን የነገሩኝ ያወረዱት ኩሊዎች ናቸው። እኔ ምንም አላልኩም፤ የመኪና እጥረት ስላለ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ የማኅበራችንን ጽዋ የምደግሰው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ከእኔ ቤት ያልጎረሰ ማኅበርተኛ የለም። ከትናንት ወዲያ ታላቃችን እማሆይ ወለተ ሚካኤል መጥተው፣ ተቀምጠው፣ እጄን እጄን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ የዘንድሮውን ተራ ለወለተ ኪዳን ልቀቂላትና እጅሽን አሳርፊው» አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ እመልስላቸው ነበር፤ የተናገሩት ግን ለእኔ አዝነው ነው፤ ሲወጡ አለቀስኩ። ገበያ ቢቀር ሌላ ገበያ ይመጣል፤ ከማርያም ጽዋ የተመለሰች እጅ የት እንደምትገባ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ከሃያ አንድ በፊት ሸራውን ዳግመኛ ወጥረው ትሉ ከማን ቅቤ እንደ ወጣ ለሕዝቡ እንዲነግሩልኝ፣ ይህ ካልተመቸዎት በማኅበሩ ቀን ከቤቴ ድረስ ተገኝተው፣ በማኅበርተኞቼ ፊት ቀድመው እንዲጎርሱልኝ እለምናለሁ። ተራዬን አልለቅም፤ ድግሱም ተጀምሯል።

ስለ ሆዳችን ሲጨነቁ የራስዎን ምሳ ለሚያሳልፉት ለክቡርነትዎ፣ ለክፍሉ፣ ለሸራውና ለመኪናዋ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በጠማማዋም በቀናዋም ጣቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የብርጓል አድማሴ

ግልባጭ፤
ለማርያም ማኅበር
ለአቶ ቢያዝን ሱቅ በር
ፊልሙ ለታየበት ግንብ

ተጨማሪ፤ ማክሰኞ ዕለት ባለቤትዎ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በጓሮ በር ገቡና፣ የወንድማቸው ቆርቆሮ ለወጥ እንደማይሆን ነግረውኝ ሦስት ኮባ ቅቤ ገዙ። ስንጥሩን ብዘረጋላቸውም አልተቀበሉኝም፤ እንደ ጥንቱ በጣታቸው ጫር አድርገው ቀመሱ። ይህን ደብዳቤ የጻፈችው ያችው በፊልም ያሳዩዋት እጅ ናትና፣ አንብበው ሲጨርሱ በሳሙና መታጠብዎን አይርሱ፤ ወዲያው ራት ይቀርብልዎታል፣ ወጡም የተሠራው በእኔ ቅቤ ነው።