ጣሪያ የተሠራለት አፈር

ለተከበሩ የአረንጓዴ ሕንፃ መዛኝ ጉባኤ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ጉባኤዎም፣ የቢሮዎ በር ላይ የቆሙት የፕላስቲክ አበቦችም ሳይቀሩ ጤናችሁ የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔም የአምላክ ቸርነት ሳይለየኝ ሰበታ ላይ ደኅና መሆኔን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ሌላውን ከመውቀስህ በፊት የራስህን ጉድፍ አራግፍ እያሉ የንስሐ አባቴ ስለሚመክሩኝ፣ ከእርስዎና ከአንባቢ ሁሉ ሰውሬው የቆየሁትን ጥፋት አስቀድሜ ልናዘዝ። በ2006 ዓ.ም. ለሰበታው አረንጓዴ ሕንፃ ግንባታ ጨረታ በቀረበው ሰነድ ውስጥ «የአካባቢው አርሶ አደር ለፕሮጀክቱ ያለውን ድጋፍ ሲገልጽ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ አንገቱን ሲነቀንቅ የሚታየው ሰው እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ አርሶ አደር አይደለሁም። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው፤ ሰበታ የመጣሁት ባለቤቴ ብርቅዬ ካረፈች በኋላ የቤት ኪራይ አባሮኝ ነው፤ በዕድሜዬ ያለማሁት መሬት ቢኖር በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም የተከልኩባት አፈር ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉባኤዎ መመሪያ መሠረት የአካባቢውን ሕዝብ አማክሮ የሚጫረት ድርጅት ነጥብ ያገኛል። ያን ሰሞን ግን አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ አገሩን አናውጦት ስለ ነበር፣ በሆቴሉ አዳራሽ ውኃውና ብስኩቱ ተደርድሮ ሳለ ለገበሬ የተዘጋጀው ወንበር ባዶውን ቀረ። እኔ በዚያን ጊዜ የኢንጂነር ባርናባስ ድርጅት የመጋዘን ዘበኛ ነበርኩና፣ ጉንፋን ይዞኝ ጋቢዬን ተከናንቤ በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ የኢንጂነሩ ፊት በራ፤ «ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ቁጭ ይበሉልኝ፣ ወንበሩ ባዶውን ፎቶ እንዳይነሣ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ፕሮጀክቱን እደግፍ እንደ ሆነ ስጠየቅ ጉሮሮዬ አብጦ ነበርና ምራቄን በግድ ዋጥኩ፤ ስውጥም አንገቴ ወደ ታች ወረደ፤ ካሜራውም ብልጭ አለ። በዚህች ምራቅ ድርጅቱ ነጥቡን አገኘ፣ ጨረታውንም አሸነፈ፤ እኔም የሕንፃው ግቢ ዘበኛ ሆኜ አደግሁ።

ወንበሩ የኦቦ ወርቁ ነበር። ሕንፃው የሚቆመው እሳቸው ከአባታቸው በወረሱት ጓሮ ላይ ነውና።

ይህን ከተናገርኩ ዘንድ፣ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት ከሆነም አድናቆቴን፣ በየተራው አቀርባለሁ።

1ኛ. የብስክሌት ማቆሚያው ነጥብ ስላለው ከሕንፃው ቀድሞ በመጠናቀቁ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በሰበታ ብስክሌት ጋልቦ ወደ ሕንፃ የሚመጣ ሰው እስካሁን ስላልተገኘ፣ ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ራቢአ በጓን ታስርበታለች፤ በጓም በበኩሏ ምንም ቅሬታ የላትም። ባለ ጋሪዎች ፈረሳቸውን እንዲያስሩበት ስለምን ግን ፈረስ ግቢ ያቆሽሻል ተባልኩ፤ ፈረስ ነዳጅ እንደማይጠጣና ጭስ እንደሌለው ባቅሜ ባስረዳም፣ ኢንጂነሩ መመሪያውን ገልጠው ፈረስ የሚል ቃል እንደሌለበት አሳዩኝ። በቃሉ መሠረት የሚኖር ሰው ስለማከብር ባለ ጋሪዎቹን ከበሩ መለስኳቸው።

2ኛ. መመሪያዎ የአካባቢውን ድንጋይ ለሚጠቀም ነጥብ መስጠቱ ብልህነት ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ እንደገና ሲያገረሽ፣ መንገድ የዘጉት ልጆቻችንም ከአካባቢው ድንጋይ በቀር ከሩቅ ያመጡት አልነበረም፤ ያጓጓዙትም በእጃቸው ነው። ነጥብ የሰጣቸው ግን አልነበረም። የተሰጣቸውን እኛ እዚህ ያለነው፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉትም ጭምር እናውቀዋለን፤ የሄዱትን ነፍሳቸውን ይማር። በዚህ ላይ መቀለድ አልችልምና ወደሚቀጥለው እለፉልኝ።

3ኛ. አሁን ወደ አፈሩ ደርሻለሁ። ጉባኤዎ ለም አፈር ከግንባታ በፊት በጥንቃቄ ተገፎ እንዲቀመጥ በማዘዙ፣ የኦቦ ወርቁ ጓሮ አፈር በአንድ ጥግ ተከምሮ፣ ዝናብ እንዳያጥበው የሸራ ጣሪያ ተሠርቶለት፣ ጎርፍ እንዳይነካው ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለት፣ «ሕይወት አለው፣ አይርገጡ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎለት፣ እኔም በዘበኝነት ተመድቤለት ይኖራል። ከጉባኤዎ የተላኩት ባለሙያ ወይዘሪት ፀደንያ በመጡ ቁጥር ቴርሞሜትር ወግተው ሙቀቱን ይለካሉ፤ ትሎቹን በጓንት አንሥተው ጤናቸውን ያያሉ፤ አንዷ ትል ስትንቀሳቀስ ከልባቸው ደስ ሲላቸው አይቼ እኔም ደስ ብሎኛል። እኔ ራሴ ጉንፋን በያዘኝ ጊዜ እንደዚያ ያየኝ አልነበረም።

ኦቦ ወርቁ ግን በወጨጫ ተራራ ሥር ምትክ በተባለ ቦታ ሰፍረዋል። ቦታው ድንጋይ ነው፤ የአካባቢ ድንጋይ ስለሆነ ነጥብ ሳይኖረው አይቀርም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ድንች ሊተክሉ ቢቆፍሩ ዶማው ነው የተሰበረው። ኦቦ ወርቁ በገበያ ቀን ሁሉ ሲያልፉ አጥሩ ጋ ቆመው «አካም ጅርቱ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኛል፣ ቀጥለውም ከልጅ እንደ ተለየ አባት «አፈሬስ፣ ደኅና ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም ሙቀቷ መልካም፣ ትሎቿም ጤነኞች መሆናቸውን እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ሸራውን ትክ ብለው አይተው፣ «ለአፈሬ ጣሪያም፣ ቦይም፣ ዘበኛም ሰጧት፤ እስቲ ወንዳፍራሽ፣ ጠይቅልኝ፤ እላዬ ላይ ትንሽ ብነሰንስ እኔንም ያስገቡኝ ይሆን?» አሉኝ። የመመሪያዎን መልስ ስለማላውቅ ይህን ጥያቄ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

4ኛ. መመሪያዎ አፈሩ በመጨረሻ ተመልሶ ተክል እንዲበቅልበት ያዛል። ነገር ግን አፈሩ የሚመለስበት አትክልት ቦታ በአዲሱ ፕላን መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኢንጂነር ባርናባስ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ቸኩለው ነው እንጂ፣ ነገሩን አልደበቁኝም፤ አፈሩ ለመጨረሻው ምዘና ከነጣሪያው ፎቶ ተነሥቶ ነጥቡ ከተያዘ በኋላ፣ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ገደል ይደፋል። ጠብቄ ጠብቄ ለገደል! ይህን የሰሙት ኦቦ ወርቁ ዝናብ ሳይገባ ጥቂት ጋሪ አፈር እንድሰጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኑኝ። እኔም ጠባቂ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም አልኳቸው። እሳቸውም አጥሩን ለቀቁና፣ «እኔ ደግሞ ባለቤት ነኝ እንጂ ጠባቂ የለኝም» ብለው ሄዱ።

በጥር ወር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ሲባል ሁላችንም ሰማን። አጥሩ ግን አልሰማም መሰለኝ፣ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፌ ተዛባ። ብርቅዬን ስቀብራት በእጄ ዘግኜ የበተንኩባት አፈር ትዝ ይለኝ ጀመር፤ ሁላችንም ወደምንመለስበት ነገር ዘብ ቆሜ ባለቤቱን ባዶ እጁን መመለሴ ከነከነኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ባይለቀኝ እንደገና ሄድኩ። «ልጄ፣ ጉልበትህ ሰግዷል፤ ወንበሩ ግን እስካሁን ካንተ ሥር ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ወጨጫ ሥር ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ በስማቸው የተቀመጥኩት እኔ መሆኔን ለኦቦ ወርቁ ተናዘዝኩ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ሳቁ። «አውቃለሁ እኮ! ያኔውኑ ፎቶህን ቀበሌ ለጥፈውት አይቼዋለሁ» አሉኝ፤ «የገረመኝ ሌላ ነው፤ እንደዚያ የነጣ ጋቢ የሚለብስ ገበሬ እንደሌለ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ!» እያወቁ ነበር ለካ በየገበያው ቀን ሰላም የሚሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለትሎቹ ስላሳዩት ርኅራኄ፣ ለበጓ ስላዘጋጁላት ማረፊያ፣ ከሁሉም በላይ ምራቅ መዋጥን እንደ ድጋፍ ለቆጠረው ሰፊ ልቦናዎ ምስጋናዬ ከወጨጫ ራስ ይበልጣል። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል አቧራ እንዳይነካው እጸልያለሁ፤ አፈር እንደማይነካው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ለአየርዎ ንጽሕና፣ ለወንበርዎም ምቾት ዘወትር የሚማልድ ትሑት አገልጋይዎ፣

ወንዳፍራሽ ተክሉ
በምራቅ የተመረጠ የቀድሞ አርሶ አደር፣ የአፈር ዘበኛ
ሰበታ፣ መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ አፈሩ በመመሪያዎ መሠረት ተመልሷል። ትናንት በጠራራ ፀሐይ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ባለ ጋሪዎቹ መጡ፤ ኦቦ ወርቁ እየመሩ እኔም እየዛቅኩ፣ ሰሌዳውንም ትሎቹንም ጨምረን አንድ አካፋ ሳናስቀር ወሰድነው፤ ወይዘሮ ተረፈች ድንቹን እየተከሉበት ስለሆነ፣ ወይዘሪት ፀደንያ ሙቀቱን ለመለካት ቢመጡ ወጨጫ ሥር በደስታ ይቀበሏቸዋል። የሥራ መልቀቂያ እንዲጽፉልኝ ኢንጂነሩን አላስቸግራቸውም፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼዋለሁ። ለመጨረሻው ምዘና ስትመጡ ጣሪያው ባዶውን ፎቶ እንዳይነሣባችሁ ግን አስቤበት፣ ከመውጣቴ በፊት ከሸራው ሥር አንድ ወንበር አስቀመጥኩ፤ የኦቦ ወርቁን ስም ጻፍኩበት፤ አቧራውን በጋቢዬ ጠረግሁ፤ ሳልቀመጥበትም ወጣሁ።