ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለተሰጠኝ አገልግሎት

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የመንገደኞች ምቾት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና አንገትዎን ለይቼ የምጠይቀው በድርጅትዎ አውሮፕላን ራስዎ ተሳፍረው ያውቁ እንደሆነ ስላልሰማሁ ነው፤ ተሳፍረው ከሆነ ምሕረቱን ያውርድልዎ፣ ካልተሳፈሩም ፈጣሪ እንደጠበቀዎ ይጠብቅዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ሰውነቴ ለእኔም አልነገረኝም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት፣ ከጉዞዬ ስመለስ ድርጅትዎ በስልኬ መልእክት ልኮ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ወደ ውጭ አገር መብረር ያለውን ጥቅምና ጉዳት መዝኜ አስተያየቴን እንድሰጥ በትሕትና ስለጠየቀኝ ነው። መልስ መስጫውን ብከፍተው ኮከብ ብቻ ነው የሚያስመርጠው፤ የእኔ ነገር ደግሞ በኮከብ የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ በአክብሮት በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

ማን እንደሆንኩ ባላስተዋውቅ ነውር ነው። የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የታክሲና የአውቶቡስ ወንበር ስፖንጁን ቀይሬ፣ ቆዳውን ቆርጬ አለብሳለሁ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ባሕር ተሻግሮ ባለ ሌላ አገር ከባሏና ከሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። እትዬ ነበር የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልነቀልኩም ነበር፤ እትዬ የራሷን ቀሚስ ቆርጣ ሱሪ ሰፍታልኝ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። መርፌ መያዝም የተማርኩት ከእሷ ነው።

አንደኛ፦ ፍርድ እንዳይጓደል ከጥቅሙ እጀምራለሁ። ድርጅትዎ ከመምጣቱ በፊት እትዬን የማያት ዘመድ ሲያገባ ወይም ሲሞት ብቻ ነበር፤ ድርጅትዎ ከመጣ ወዲህ ግን በየዓመቱ ሄጄ ሳሎኗ ውስጥ ባለው ሶፋ ላይ እንደ ልቤ ተጋድሜአለሁ። በር ከፍታ ስታየኝ፣ ዘንድሮም እንደ ጃኬት ተጣጥፈህ መጣህ እያለች ትስቅብኝና ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ አንገቴ ላይ ታደርግልኝ ነበር። ያን ፎጣ በሌላ አየር መንገድ ዋጋ ባሰላው አላገኘውም ነበር። ይህን ምስጋና ከልቤ ነው የምጽፈው፤ ስላቁ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ ወንበሩን በተመለከተ፣ በሙያዬ ምክንያት እጄ አላርፍ ብሎ ጫን ብዬ ፈትሼው ነበር፤ ጣቴ ምንም ሳያገኝ ብረቱ ላይ ደረሰ። እኔ ሱቅ እንዲህ ያለ ወንበር ሥራልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሚኒባሱን በማግሥቱ ሊሸጥ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ወደ ኋላ አለማለቱ ግን ጥቅምም አለው፤ ከፊቴ የተቀመጠው መንገደኛ ጭኔ ላይ አይተኛም። ይህንና ቆሞ መሄድን ሳስተያያቸው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖብኛል፤ ቢሆንም የቆመ ሰው ቀበቶ አያስርም፣ በዚህ ትበልጣላችሁ።

ሦስተኛ፦ ድርጅትዎ የሚያርፍበት ሜዳ የከተማይቱን ስም ይዞ ከከተማይቱ ያለው ርቀት የሚደነቅ ነው። ከአውሮፕላን ወርደን ሌላ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ደረስን የተባልንበትን ከተማ ለማየት ገና መንገድ እንጀምራለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ትኬቱን ከእናንተ የቆረጠ ይመስለኛል። ሻንጣ ስለሚለካበት የብረት ሣጥንም ብዙ ባልኩ፤ በእሱ ፊት የተከበሩ አባወራዎች ሦስት ሹራብ ደርበው፣ በኪሳቸው ጫማ ከተው፣ ላብ እያጠመቃቸው በፈገግታ ሲያልፉ አይቻለሁ። እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። በዚህ በመጨረሻው ጉዞዬ ለእትዬ ጀርባ የሰፋሁትን ትራስ ሣጥኑ እንደማይቀበለው ስለማውቅ፣ ከጃኬቴ ሥር ሸጉጬ ቦርጫም መስዬ ነው የተሰለፍኩት።

አራተኛ፦ ወደዚያ ጉዞ ልምጣ። የእህቴ ልጅ ደውላ፣ እትዬ ደከም ብላለች፣ ብትመጣ ደስ ይላታል አለችኝ። እኛ ቤት ደከም ብላለች የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ አውቃለሁና መቀሴን አስቀምጬ ትኬት ፍለጋ ገባሁ። በዚያው ዕለት የሚነሳ አውሮፕላን ነበር፤ ዋጋው ግን የስፌት ማሽኔን አሽጦ ዕዳም የሚያስገባ ነበር። የድርጅትዎ በረራ ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው፤ ዋጋውም የድሃ ነው። ጥቅምና ጉዳቱን የመዘንኩት ያን ጊዜ ነው ክቡር ሆይ፣ ዛሬ አይደለም። ከነገ ወዲያ ሩቅ አይደለም ብዬ የእናንተን ያዝኩ።

በማግሥቱ፣ ለእርስዎ ምቾት ሲባል በረራዎ በአንድ ቀን ተሸጋሽጓል የሚል መልእክት፣ የምትስቅ አውሮፕላን ሥዕል ታክሎበት ደረሰኝ። ምቾቱ ምን እንደሆነ አልተብራራም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ ባለሥልጣን ምክንያት አያልቅበትም። ለእትዬ ደውዬ ነገሩን ስነግራት ድምጿ ቀጥኖ፣ አትቸኩል፣ የት እሄድብሃለሁ አለችኝ። እትዬ ካለችው ቃል ዝንፍ ብላ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ብትወስዱኝ ኖሮ ምሳ ሰዓት ላይ እደርስ ነበር፤ እትዬ የሞተችው በዚያው ቀን ማታ ነው።

አምስተኛ፦ አሁን ያለ አንዳች ክፍያ ወደተሰጠኝ አገልግሎት እደርሳለሁ። በእኛ ቤተሰብ ለመንገደኛ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ተቀምጦ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ታላቅ ሰው የሚነግረው። ስለዚህ ያን ማታ ስደውል የእህቴ ልጅ፣ እትዬ ተኝታለች ብላ ስልኩን ዘጋችው። ግን በረራዬን ዳግመኛ እንዳታሸጋሽጉት ፈርታ ለቢሮዎ ትደውላለች። ቢሮዎም፣ ቀኑ የማይሸጋሸግበት መንገደኛ ሐዘን የደረሰበት ብቻ ነው ብሎ ያስረዳታል። ልጅቷም በሐዘንተኛ ስም ታስመዘግበኝና፣ እሱ ገና አልሰማም፣ እባካችሁ እንዳትነግሩት ብላ ትለምናለች። ሠራተኛዎም ቃሏን አንዲት ሳይጥል ጽፎታል፤ በዚህ ትጋቱ ሹመት ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

በመሳፈሪያው በር ላይ የነበረችው ወጣት ሠራተኛዎ ስሜን ስክሪኑ ላይ አየችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድርጅታችን በእህትዎ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል አለችኝ። እኔም በትሕትና ስሕተት መኖሩን፣ እህቴ የታመመች እንጂ የሞተች አለመሆኗን አስረዳኋት። ልጅቷም መልካም ሰው ናትና ሳላምናት እንዳልቀር ብላ ከስክሪኑ ታነብልኝ ጀመር፤ የእህቴን ስም ከነአባቷ፣ የሞተችበትን ቀን፣ ቀጥላም ተጓዡ አልሰማም የሚለውን፣ ቀጥላም እንዳይነገረው የሚለውን። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው፣ ወንድም እለፍ እንጂ አለኝ።

እኔ ምን አልኩ መሰልዎ፤ ሻንጣዬ ይለካ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የሐዘንተኛ ሻንጣ አይለካም ብላ እጄን ያዝ አደረገችኝ። መደበቅ ካላስፈለገ ብዬ ትራሱን ከጃኬቴ ሥር አውጥቼ በብብቴ ይዤ ገባሁ። በድርጅትዎ አውሮፕላን ውሃ ይሸጣል፣ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ከወዳጅ ጎን መቀመጥ ይሸጣል፤ በነጻ የተሰጠኝ መርዶዬ ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

መንገዱን ሁሉ በሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጬ የፊተኛውን ወንበር ስፌት ስመለከት ነበር። አንድ ጥግ ላይ ክሩ ተተርትሯል፤ መርፌ ቢኖረኝ እመልሰው ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰው የተኛበት ክንድ እንደሚደነዝዝ ሁሉ እኔም ከላይ እስከ ታች ደንዝዤ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አልቀሰቀስኩትም።

ስደርስ የእህቴ ልጅ ፊቷን ታጥባና ኩል ተኳኩላ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ጠበቀችኝ፤ ትራሱን ከእጄ ተቀብላ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቤት እስክንደርስ ታቅፋው ቆየች። ቤቱ ውስጥ ሰው በዝቷል፤ ሁሉም ያለወጉ ይስቃል። የእትዬ ባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ታጠብ አሉኝ፣ ታጠብኩ፤ ብላ አሉኝ፣ በላሁ። ሰምቻለሁ ብል ምስጢር አወጣች ተብላ የምትወቀሰው ያቺ ልጅ ናትና አፌን ያዝኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ፣ እትዬህን አጣናት ሲሉኝ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሆነ። እኔም የቆረስኩትን እንደያዝኩ፣ እሺ አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እሺ ነው ያልኩት። አንገቴንም ነቀነቅኩ። ከጓዳ በር ላይ አንዲት ጎረቤት፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ስትል ሰማኋት። ሌላዋም፣ ሩቅ የኖረ ልቡ ይደነድናል አለች። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ ያዩት የእናት ያህል ያሳደገችውን እህቱን ሞት ሰምቶ አንገቱን የሚነቀንቅ ወንድም ነው። በማግሥቱም ቀብር ላይ ሰው ሁሉ እንባውን ሲያፈስ እኔ የሬሳ ሣጥኑ ጨርቅ ጠርዙ ታጥፎ እንዳልተሰፋ አየሁ። ያሳደገችኝን ሳላለቅስላት ቀበርኳት፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚቆጨኝ።

ድርጅትዎ ነገሩን በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ቀን ለእህቴ ልጅ፣ የሐዘን አገልግሎታችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን የሚል መልእክት ላከላት። ስልኩን ይዛ መጥታ አየችኝ፤ ታውቅ ነበር ወይ ስትለኝ፣ አውቅ ነበር አልኳት። እሷ ናት ይህን ጻፍ ያለችኝ፣ ጎረቤቶቹም ያንብቡት ብላ።

ስለዚህ ሚዛኑ ወዴት አጋደለ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔም አላውቅ። በአንደኛው ወገን የየዓመቱ የሙቅ ፎጣ አለ፤ በሌላው ወገን አንድ ቀን አለ። ካሳ አልጠይቅም። ያቺን ወጣት ሠራተኛዎንም እንዳይቀጡብኝ እማጸናለሁ፤ በድርጅትዎ ውስጥ እጄን የያዘችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። የምለምነው አንዲት ነገር ነው፤ እንዳይነገረው የሚለው ቃል ወደፊት ከሁሉ በላይ፣ ከስሙም በፊት ይጻፍልን።

ድርጅትዎ ከፍ ከፍ ይበል፣ ነዳጁ አይጉደል፣ መንገደኛውም አይነስ እያልኩ፣ በአውሮፕላንዎ ውስጥ አጥፌ በለመድኩት ጉልበቴ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ታማኝ ደንበኛዎ፣
ወንበር ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እትዬን ይዤ ተመልሼ እኔ ባለሁበት ላሳክማት አስቤ ስለነበር፣ የመመለሻው ትኬት የሁለት ሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ የእሷን እንዲሰርዙ ለቢሮዎ ብደውል፣ ርካሽ ትኬት አይሰረዝም ተባልኩና ተውኩት። በመመለሻዬ ቀን ሁላችንም ተሳፍረን ቀበቶ ካሰርን በኋላ፣ የእህቴ ስም ከነአባቷ በድምፅ ማጉያው ተጠራ። የመጨረሻ ጥሪ መሆኑ፣ የሚጠበቁትም እሳቸው ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ደግሞ ተጠራ። ሰው እያጉረመረመ አንገቱን አስግጎ ከጎኔ ከፍዬ ያስያዝኩላትን ባዶ ወንበር ያይ ጀመር። ለማንም ቆሞ የማያውቀው አውሮፕላናችሁ ለእትዬ ቆመ፤ እኔም ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አስተናጋጇ አጠገቤ መጥታ ቆማ፣ እኚህን ሴትዮ ያውቋቸዋል ወይ፣ ይመጣሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። መርዶ ለቆመ ሰው አይነገርም።