መቶ በመቶ የተጠናቀቀው የጋሽ ኦይታ ጣሪያ

ለክቡር የቀበሌያችን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አስተባባሪ
አርባ ምንጭ፣ አባያ ዳር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በደረቅ ክፍል፣ በደረቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ውድ ቤተሰብዎና የሥራ ባልደረቦችዎም፣ በጽሕፈት ቤትዎ አናት ላይ ያለውን ቆርቆሮ ጨምሮ፣ በሰላም እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቤተል ሲላስ እባላለሁ፤ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ከጋሽ ኦይታ ቤት ጋር አንድ አጥር እንጋራለን። ደመና ከሐይቁ በላይ በታየ ቁጥር ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ደህና ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ቢቆራረጥ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በቅድሚያ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉት የክረምት ሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። «የአቶ ኦይታ ቤት እድሳት መቶ በመቶ ተጠናቅቆ ለባለቤቱ ርክክብ ተፈጽሟል» የሚለውን ሳነብ ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው ነበር። መነጽራቸውን ስላልያዙ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ወደ እኔ ዞር አሉና «በዚህ ቀበሌ ሌላ ኦይታ አለ እንዴ?» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስን፤ ወደ ቤት ስል ወደ እኔ ቤት ማለቴ ነው።

ክቡርነትዎ ብዙ ቤት ስለሚያስረክቡ ሰውየውን ላያስታውሷቸው ይችላሉና ላስተዋውቅዎ። ጋሽ ኦይታ በወጣትነታቸው ከደጋ የወረዱ ሸማኔ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የክፍሏን ግማሽ የያዘው የሽመና ዕቃቸው ነው፤ መሬቱ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ እግራቸውን አስገብተው ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራሉ። ጣሪያቸው ያረጀና እዚህም እዚያም የሚያፈስ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በነሐሴ ወር ወጣቶቹን ይዘው ሲመጡ ሰፈሩ ሁሉ በደስታ ነበር የተቀበለዎ። ወጣቶቹን የምትመራው ሄራን የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ነበረች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አሮጌው ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ተነቀለ፤ «ከአገልግሎት ውጪ» ተብሎም በፒክአፕ ተጫነ። ክቡርነትዎ መሰላል ላይ ወጥተው፣ መዶሻ ጨብጠው፣ ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ። ፎቶው በእውነት ያምራል፤ ከጀርባዎ የሚታየው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አዲሱ ቆርቆሮ ነገ እንደሚመጣ ነገሩንና ወጣቶቹን ችግኝ ወደሚተከልበት ቦታ አስጫኑ። ሄራን «ጣሪያ ሳንከድን እንዴት ጥለን እንሄዳለን?» ብላ ስትጠይቅዎ በትዕግሥት የሰጧትን መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ሪፖርቱ ዛሬ መድረስ አለበት፤ ሌላው ይደርሳል» ነበር ያሏት።

2ኛ. ነገ አልመጣም፤ ዝናቡ ግን መጣ። ዕቅድዎ የተዘጋጀው ክረምት በመስከረም ለሚወጣበት አገር ይመስለኛል፤ እኛ ዘንድ ሌላው ሰው ጃንጥላውን ሲያስቀምጥ ሁለተኛው ዝናብ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ከአባያ በኩል ነፋስ ቀድሞት መጣና በጣሪያው ፋንታ የወጠርነውን ላስቲክ ገንጥሎ ወሰደው። ሮጬ ስደርስ ጋሽ ኦይታ ጉልበታቸው ድረስ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ድሩን ከውሃው ለማትረፍ እየታገሉ ነበር። የጥለቱ ቀይ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን ሁሉ አበላሽቶታል። ክሩን አቅፈው አልለቅም አሉ። «ተዉት ጋሼ፣ ይውጡ» ብላቸው «ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያድሩት እኔ ሳሎን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሄደው ጉድጓዱን በጣሳ ይቀዳሉ፤ ከሰዓት ዝናቡ መልሶ ይሞላዋል፤ እሳቸው ሥራ የፈታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ለእኔ ከዝናቡ የከበደኝ ያ እጅ ነበር።

ሁለታችንም ቢሮዎ ድረስ ሄደን ነበር። ባልደረባዎ በታላቅ ትሕትና አስተናግዶን፣ ቤቱ ያለቀ በመሆኑ ላለቀ ቤት ቆርቆሮ ወጪ ማድረግ እንደማይቻል አስረዳን። እኛን ለመርዳት ካለው ፍላጎት የተነሣ «ነፋስ ጣሪያዬን ወሰደብኝ ብለው ያመልክቱ፤ በአደጋ እንይዘዋለን» የሚል ምክርም ሰጠን። ጋሽ ኦይታ ግን «ነፋሱ ጣሪያ አልወሰደም፤ ያላደረገውን ለምን እከሰዋለሁ?» ብለው ወጡ።

ሦስተኛ ብዬ ስጀምር ነጎድጓድ ሰምቼ ተነሣሁ፤ ስመለስ ለቁጥሩ የነበረኝ ትዕግሥት አልቆ ነበር። እንዲሁ ልቀጥል።

ከበላይ አካል እንግዶች ለተሞክሮ መጡ። ክቡርነትዎ እንግዶቹን በጭቃ ላለማንገላታት አስበው፣ መንገድ ዳር ያለውን የባለሱቋን የወሰንየለሽን ቤት ሰማያዊ አስቀብተው የእድሳቱን ባነር እዚያ አሰቀሉ። ባልደረባዎ አዲስ ጋቢ በፌስታል ይዞ መጣና ጋሽ ኦይታን «በእጄ የሠራሁት የምስጋና ስጦታ ነው ብለው ለእንግዶቹ ይስጡ» አላቸው። ጋሽ ኦይታ ኮታቸውን ለብሰው ተከተሉት፤ እኔም ተከተልኩ።

የእንግዶቹ መሪ ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጋሽ ኦይታ ፊታቸው ቆመው ጋቢውን ዘረጉት፤ ጠርዙን በጣቶቻቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ጥሩ ጋቢ ነው። የሠራው ሰው ጎበዝ ነው። እኔ ግን አልሠራሁትም። ቤቱም የወሰንየለሽ ነው» አሉ።

ክቡርነትዎ ፈጥነው ሳቅ እያሉ «ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ» ማለትዎን አልረሳሁም። ወይዘሮ ሰናይት ግን አልሳቁም። «የእርስዎስ የትኛው ነው፣ አባባ?» ሲሏቸው «ከኋላ ነው፤ ጫማዎ እንዳይበላሽ» ብለው መሩ። ሴትየዋ ክፍሏ ውስጥ ገብተው ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ጉድጓዱም አዩ፤ ከዚያ «ርክክቡ የተፈጸመው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁዎ። «በሂደት ላይ ነው» ብለው የመለሱበት ፍጥነት የሚያስቀና ነው።

እኛም መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ መፍትሔ ስንጠብቅ ቆየን። መፍትሔውም መጣ፤ ሪፖርቱ እንዲታረም ታዝዞ ሰሌዳው ላይ «ዘጠና አምስት በመቶ» ተብሎ ተስተካከለ። ጣሪያ የአንድ ቤት አምስት በመቶ ብቻ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ጣሪያውን የከደነችው ሄራን ናት። አንድ ቅዳሜ ያለ ዘመቻ ቲሸርትና ያለ ባነር የቀድሞ ጓደኞቿን ሰብስባ መጣች። ቆርቆሮው ቤተ ክርስቲያናችን ካፈረሰችው አሮጌ አዳራሽ የተገኘ ነው፤ አሮጌ ቢሆንም አያፈስም። ሄራን መሰላሉ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጋሽ ኦይታን «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ያፈረስነው እኛ ነን» አለቻቸው። እሳቸውም «አፍርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ አላየሁም። መጀመሪያ ብሉ» አሉና ከእኔ ቤት የመጣውን ቆጮ በየእጃቸው አደሉ። ጀንበር ሳትጠልቅ ጣሪያው ተመታ። ጉድጓዱ ሲደርቅ ጋሽ ኦይታ አዲስ ድር ዘረጉ፤ ሠርጉ ግን አልጠበቃቸውም፤ የሠርጉ ጋቢ ከሌላ ሸማኔ ተገዝቷል።

አሁን ሰሌዳው ላይ ምን እንደተለጠፈ ያውቃሉ። «በጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪነት በሁለተኛው ዙር የታደሰ የአቶ ኦይታ ቤት» ይላል። አንዱ ቤት ሁለት ቤት ሆኖ ተቆጠረ፤ ሄራን ግን አንድም ጊዜ አልተቆጠረችም። ለሥራ ማመልከቻዋ የበጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት ስትጠይቅ «ከዕቅድ ውጪ ለተሠራ ሥራ አይሰጥም» ተብላለች። ሥራው የእርስዎ ሪፖርት ውስጥ ሲገባ በዕቅድ፣ ለእሷ ወረቀት ሲጠየቅ ከዕቅድ ውጪ የሚሆንበትን ምሥጢር እኔ በአስተማሪ አእምሮዬ ልደርስበት አልቻልኩም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ የጋሽ ኦይታን ስም ከሰሌዳው ያውርዱልን፤ የልጅቷን ወረቀት ይስጡልን። ሁለቱም ቆርቆሮ አያስፈልጋቸውም።

ለወገን ሲሉ መሰላል ለወጡት ለክቡርነትዎ፣ ለፎቶ አንሺዎ፣ ቁጥርን ያለ ምስማርና ያለ ማገር ማቆም ለሚችሉት ባልደረቦችዎ ሁሉ ረጅም ዕድሜና ጥርት ያለ ሰማይ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ቤተል ሲላስ
የጋሽ ኦይታ ጎረቤት

ማስታወሻ፦ ከታች ሰፈር ያሉት እማማ ማርያም ስማቸው በመጪው ዙር የቤት እድሳት ዕቅድ ውስጥ መግባቱን ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። ትናንት ደጃፌ ላይ ቆመው «ልጄ፣ የምታውቂው ሰው ካለ አስወጪኝ፤ የኔ ጣሪያ ያፈስሳል እንጂ አለ» ብለውኛል። ለዚህ የሚሞላ ቅጽ ካለ እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።